ፕሮግራሙ ያላወቀው ቀለም

ወንድሜን ቤተሰቡ ሁሉ ዘመናይ ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት፤ ገና ልጅ ሳለ ምንም ያልሆነ ራዲዮ በአዲስ ካልተለወጠ ብሎ ያለቀሰ ዕለት። አሁን አድጎ ፎቶ አንሺ ሆኗል። ማልቀሱን ትቶ በራሱ ገንዘብ ይለውጣል እንጂ ጠባዩ ያው ነው። አዲስ ካሜራ ገበያ ላይ ከዋለ እሱ እጅ ሳይገባ አይሰነብትም። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ እሱ ያነሳውን ኮምፒውተር ላይ አስተካክዬ ለኅትመት የማደርሰው እኔ ነኝ። ሥራ ስንጀምር አንድ ሕግ አውጥቼ ነበር፤ አዲስ ካሜራ፣ ፋይሉ በእኔ ኮምፒውተር ተከፍቶ ሳይታይ፣ ለማይደገም ሥራ አይወጣም። ሕጉን ግድግዳ ላይ አልለጠፍኩትም። ቤታችን ውስጥ ሕግ የሚያከብር ሰው ያለ መስሎኝ ነበር።

የማይደገመው ሥራ ደግሞ የእናታችን ሆኖ ተገኘ።

እናቴ ቀለም ነካሪ ናት። ከቤታችን ጀርባ ባለው መጋዘን ከሥር፣ ከቅርፊትና ከቅጠል ቀለም እያፈላች ጨርቅ ስትነክር ነው እኛ ያደግነው። ጥፍሯ ከቀለም ጠርቶ አያውቅም። ለወላጆች ስብሰባ ትምህርት ቤት ስትመጣ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከታ ነበር የምትቀመጠው። ገበያ ውስጥ ባለገመዷ ይሏታል። አንድ በርሜል ቀለም ነክራ በጨረሰች ቁጥር ከጨርቁ ጫፍ ጣት የምታክል ቁራጭ ትቀድና፣ ገና እርጥብ ሳለ አንድ ረጅም ገመድ ላይ ጥብቅ አድርጋ ትቋጥረዋለች። ቋጠሮው ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ደንበኛ መጥቶ ያንን የባለፈውን ቀይ ሲላት ገመዱን አውርዳ ታሳየዋለች። ቋጠሮ ግን አይፈታም። ቋጠሮ ማለት ያ ቀለም አልቋል፣ ታርሟል፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካውም ማለት ነው።

የምትፈትንበትም መንገድ የራሷ ነው። ጨርቁ ሲደርቅ አውራ ጣቷን በምራቋ ታርስና ታሸዋለች። ጣቷ ቀለም ከያዘ ጨርቁ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። ካልያዘ «አይለቅም» ትላለች፤ አለቀ፣ ሌላ ምስጋና ከአፏ አይወጣም። እኔ በሥራዬ ብዙ ሰው አመስግኖኛል። ያቺን ቃል ግን ከእናቴ ሰምቼ አላውቅም። ፎቶ ማስተካከልን ውሸት ማሳመር ነው የምትለው፤ ለጎረቤትም እንደዚያ ብላ ነው የምትነግረው። ያናድደኛል። ያሳዝነኛልም።

ከወራት በፊት ሐኪሟ ሳንባዋን አይቶ ከበርሜሉ እንፋሎት እንድትርቅ አዘዛት። እሷም ነገር አላበዛችም፤ እጇ ላይ የነበሩትን ጨርቆች ጨርሳ እሳቱን አጠፋች። እነዚያን የመጨረሻ ጨርቆች አንድ ቲያትር ቤት ጠቅልሎ ገዛቸው፣ ለተዋንያን ልብስ ሊቆርጣቸው። ከመሄዳቸው በፊት ዘመናይ ፎቶ እንዲያነሳላት ጠየቀችው። እሱም በመጋዘኑ በር ላይ አንድ በአንድ ሰቅሎ፣ በጠዋት ብርሃን አነሳቸው። ያነሳቸው በዚያው ሳምንት በገዛው አዲስ ካሜራ ነው፤ ያውም በሮው ብቻ።

ሮው የሚባለው ፋይል፣ ለማያውቅ ሰው፣ ካሜራው ያየውን ብርሃን ሳያበስል እንዳለ የሚያስቀምጥበት ነው። ጥሬ ስለሆነ እንደፈለጉ ያሠራል። ግን የሚያበስለው ፕሮግራም ካሜራውን በስሙ ማወቅ አለበት። የማያውቀው ካሜራ ከመጣበት፣ ውስጡ ያለው ነገር ለእሱ የቁጥር ክምር ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አንድ የእጅ ሥራ ቤተ መዘክር ስለ ቀለም ነካሪዎች መጽሐፍ ሊያሳትም ተነሥቶ፣ አዘጋጇ ቤታችን ድረስ መጥታ ለእናቴ ገጾች እንደተያዙላት ነገረቻት። ፎቶዎቹን እስከ ወሩ መጨረሻ አድርሱልን አለች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የነከረችውን ሰው ቆርጦ ለብሶታል፣ አጥቦ ጨርሶታል፤ ከእሷ ጋር የቀረ አንድ ሙሉ ጨርቅ የለም። ደስታዋን አላሳየችም፣ ቅድመ ሁኔታዋን ግን አስቀመጠች። «ቀለሙ የእኔ ከሆነ ይውጣ» አለቻት። «የእኔ ካልሆነ ገጹን ለሌላ ስጪው።»

እንግዳዋን እንደሸኘን ፋይሎቹን ልከፍት ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙ ይህን ፋይል አላውቀውም አለኝ። ሌላውን ሞከርኩ፤ አላውቀውም። ዘመናይ ከኋላዬ ቆሞ ነበርና ዞሬ አየሁት።

«አዲስ ስለሆነ ነው እኮ» አለ፣ ጭንቅላቱን እያከከ። «ፕሮግራሙ ሲታደስ ይከፍተዋል።»

«መቼ ነው የሚታደሰው?»

«በቅርቡ ነው የሚሉት።»

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። የእናቴ ዕድሜ ሙሉ ሥራ ዲስኩ ላይ አለ፣ ግን ማንም አያየውም። ጨርቆቹን መልሰን እናንሳ እንዳንል ተዋንያኑ ሱሪ አድርገዋቸው ለትርኢት ክፍለ ሀገር ወጥተዋል። ለፕሮግራሙ ድጋፍ ሰጪዎች ጻፍኩ። ካሜራዬ ወደፊት በሚወጣ ዕትም ውስጥ እንደሚካተት፣ ቀኑን ግን መናገር እንደማይችሉ፣ ስለ ትዕግሥቴም እንደሚያመሰግኑኝ መለሱልኝ። ትዕግሥት እንዳለኝ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። የካሜራው ሠሪ ያዘጋጀው ፕሮግራም ደግሞ የእኔን ኮምፒውተር ገና እንዳየው አርጅቷል ብሎ አልጫንም አለ። ፋይሉ ውስጥ ካሜራው ራሱ የሚያስቀምጣት ትንሽ ምስል ነበረች፤ እሷን አወጣኋት። ለስልክ ትሆናለች እንጂ የመጽሐፍ ገጽ አትሞላም። ቀለሟንም ካሜራው የፌስታ ቀን ይመስል አድምቆታል፤ የእናቴ ደብዛዛ ቀይ ቲማቲም ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ዘመናይ እንግዲያው አዲስ ኮምፒውተር እንግዛ አለ። የእሱ መፍትሔ ሁልጊዜ ሌላ አዲስ ነገር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልኩት፤ አንተ ግን አፍስሰህ እኔን ነው የምታስለቅመኝ። አቀረቀረ። እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ፤ ለእናቱ ሥራ ያለውን ምርጥ ነገር ይዞ መሄዱ ነበር። ቢሆንም አልነገርኩትም፤ ትንሽ ይብሰልበት ብዬ ተውኩት።

እኔ እልኸኛ ነኝ። ማሽን አይሆንም ሲለኝ ሰው የሰደበኝ ያህል ነው የሚሰማኝ። ፕሮግራሙ ካሜራውን የሚለየው ፋይሉ አናት ላይ በተጻፈው ስም እንደሆነ አውቃለሁ። ይህ አዲስ ካሜራ ደግሞ ከእሱ በፊት የወጣ ታላቅ ወንድም አለው፤ በመልክም በአሠራርም ይመሳሰላሉ፣ ታላቁን ፕሮግራሙ ያውቀዋል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እኔ መልአክ ሳልጠብቅ የፋይሎቹን ቅጂ አደረግኩና በታናሹ ስም ፈንታ የታላቁን ጻፍኩበት። ፕሮግራሙም ምንም ሳይጠረጥር ከፈተው።

ዘመናይ አጨበጨበ። እኔም ለትንሽ ጊዜ ጀግና ሆኜ ተቀመጥኩ፤ ቀለሙን ልብ ብዬ እስካይ ድረስ። ወንድማማች አንድ ዓይነት ዓይን የለውም ለካ። ቀዩ ወደ ብርቱካን አጋድሏል፣ ጥልቁ ሰማያዊ ሐምራዊ ሆኗል፣ ቢጫው የታመመ ሰው ፊት መስሏል። በግምት ወዲህም ወዲያም ስበው ጀመር። ብዙ ሠርቼ፣ ደህና የመሰለኝን አንዱን አትሜ ለእናቴ ወሰድኩላት።

ወረቀቱን ከራሷ አራቅ አድርጋ ያዘችው። አውራ ጣቷን እንኳ አላነሳችም።

«ይሄ የማነው?» አለችኝ።

ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እንደ እንግዳ ዕቃ፣ ጎረቤት ረስቶት እንደሄደ ነገር ነው የጠየቀችኝ። ዘመናይ ግን አላስቻለውም፤ ትንሽ ቢለያይ መጽሐፉን የሚያየው ሰው በምን ያውቃል አላት። እናቴ ስትመልስለት ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እኔ በግምት የነከርኩት ጨርቅ የለም» አለችው። «ሰው ባያውቅም እኔ አውቃለሁ። ባዶ ይሁን።»

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የመጽሐፍ ብቻ አልሆነም። ይህን ቀለም ካላመጣሁ ውሸት ማሳመር ያለችው እውነት ሊሆን ነው። በቃ፣ ወይ ይመጣል ወይ ከዚህ ወንበር አልነሣም አልኩ። ግን ወዴት እንደምስበው የሚነግረኝ ነገር ያስፈልገኝ ነበር፣ እውነተኛውን ቀለም በእጄ ይዤ ከስክሪኑ ጋር የማመሳክርበት። ያን ጊዜ ነው ገመዱ ትዝ ያለኝ። የመጨረሻዎቹ ጨርቆች ቁራጭ ሁሉ ገመዱ ላይ አለ።

ወደ መኝታ ቤቷ ገብቼ ገመዱን ሳይ ግን በሩ ላይ ቆምኩ። እናቴ ሥራ ካቆመች ወዲህ ገመዱን ከመጋዘን አምጥታ መስኮቷ ላይ ሰቅላዋለች፤ የጠዋት ፀሐይ ቀጥ ብሎ በሚገባበት። የቀለም ጠላቱ ፀሐይ ነው እያለች ደንበኛ ስትመክር የኖረች ሴት፣ ጨርቅ ከጥላ ውጭ ሲሰጣ ካየች የምትጮህ ሴት፣ የራሷን ቀለም እፀሐይ ላይ ሰቀለችው። ረስታ አይደለም። ከአልጋዋ ሆና ስትነቃ ልታየው ነው። ነካሪ ያልሆነ ሰው ይህን ስህተት አይሠራም፤ ናፍቆቱ የለበትማ። ቁራጮቹ ሁሉ ነጥተው የወተት ሻይ መስለዋል።

«አውቄዋለሁ» አለችኝ፣ ፊቴን አይታ። «በየቀኑ ሲሄድ እያየሁት ነበር። ላወርደው እልና ነገ እላለሁ።»

አጠገቧ አልጋው ላይ ተቀመጥኩና ገመዱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። እጄ ሥራ ሲፈታ የያዘውን መነካካት ልማዱ ነውና፣ ቁራጮቹን አንድ በአንድ እዳብስ ነበር። አንዱ ቋጠሮ ላይ፣ ጨርቁ ታጥፎ ወደ ውስጥ በሚገባበት፣ የክር ያህል ጥቁር ሰማያዊ መስመር አየሁ። ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። መስመሩ ወደ ውስጥ ይቀጥላል። ፀሐይ ቋጠሮው ውስጥ አልገባም።

ሳላለሳልስ ተናገርኩት።

«እማ፣ ቋጠሮዎቹ መፈታት አለባቸው።»

«ቋጠሮ አይፈታም።»

«የአንቺ ቀለም የቀረው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው።»

ገመዱን ከጭኔ አነሳችው። መስመሯን አየቻት፤ በጥፍሯ ጫር አደረገቻት። ልጆች ሆነን ከእነዚህ አንዱን ልንፈታ ስንታገል ያገኘችን ቀን ዘመናይና እኔ ለብዙ ጊዜ መጋዘን አልደረስንም። አሁንም ቁጣዋን ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ረጅም ትንፋሽ ወሰደች፤ አሳላት፤ ሳሏ እስኪያልፍ ቆየች።

«ወፍራም መርፌ አምጪልኝ» አለች። «አንቺ አትንኪው፣ ትቀጂዋለሽ።»

ከመስኮቱ ፊት ተቀምጣ በመርፌ እየፈለቀቀች የመጀመሪያውን ፈታችው። ጥብቅ አድርጋ ያሰረችው እጅ ራሱ አሁን አቅም አንሶት ሲንቀጠቀጥ ማየት ደስ አይልም። ሆኖም አንዴም አግዢኝ አላለችም። ጨርቁ ሲዘረጋ ጫፎቹ ነጭ፣ መሐሉ ላይ ግን ጥፍር የሚያክል ሰማያዊ፣ ያኔ ከበርሜሉ እንደወጣ። እናቴ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው።

«አልሄደም ለካ» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ወዲያው ግን ሁለተኛውን ቋጠሮ ጀመረች።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ዘመናይ የተፈቱትን ቁራጮች፣ ጨርቆቹን ባነሳበት በዚያው በመጋዘኑ በር፣ በዚያው የጠዋት ብርሃን፣ በዚያው አዲስ ካሜራ አነሳቸው። ለአንዴ እንኳ ሳይቸኩል ነው የሠራው፤ ደመና ሲያልፍ ካሜራውን አውርዶ እስኪጠራ ጠበቀ። እኔ ፋይሎቹን ቀዳሁና የታላቁን ስም ሰጠኋቸው። ሲከፈቱ ቁራጮቹም እንደ ጨርቆቹ ተሳስተው መጡ፤ ቀዩ ብርቱካን፣ ሰማያዊው ሐምራዊ። ደስ አለኝ። በአንድ መንገድ የተሳሳተ ነገር በአንድ መንገድ ይቃናል። አሁን እውነተኛው በእጄ ላይ ስላለ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው እስኪመስለው ድረስ እያንዳንዱን ቀለም መመለስ ብቻ ነው። ቁራጮቹን ያቃናልኝ ማስተካከያ ጨርቆቹንም ያቃናቸዋል።

እናቴ ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። ሥራዬን አጠገቤ ሆና ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ዝም ብላ እንደማትቆይ አውቅ ነበርና አልቆየችም። ይህ ወደ ሰማያዊ አይደለም፣ ከሥሩ ጥቁር አለበት፣ ሁለተኛ ስነክረው የዛገ ሚስማር ውሃ ጨምሬበታለሁ አለችኝ። ጥቁር ጨመርኩ። ይህን ያህል ሚስማር አልጨመርኩም አለች። ቀነስኩ። ቢጫው ላይ ተጣላን፤ እኔ ደርሷል አልኩ፣ እሷ ገና ጥሬ ነው አለች፣ እኔ በርሜል አይደለም ኮምፒውተር ነው አልኩ፣ እሷ ምን ልዩነት አለው አለች። ትንሽ ከቆየሁ በኋላ ልዩነቱ ለእኔም ጠፋኝ። እያተምኩ፣ ወረቀቱን በር ላይ ወስደን ከቁራጩ ጎን እያስቀመጥን፣ እየጣልን እንደገና ጀመርን። የተጣለው ወረቀት ቅርጫቱን ሞልቶ ወለሉ ላይ ተረፈ። በርሜል እንደዚህ ነው፣ መጀመሪያ የሚወጣው ሁሌም የሚጣል ነው አለች እናቴ፤ ለማጽናናት ይሁን ለመውቀስ አልገባኝም።

ሁሉንም ጨርሰን ለቤተ መዘክሩ ልንልክ ስንል ዘመናይ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። ፕሮግራሙ ታድሷል፤ ካሜራው አሁን በራሱ ስም ይከፈታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኩት። እሱ ግን ልቡ ተሰቅሏል፤ ዋናዎቹን ፋይሎች ከፍቶ አንዱን አተመ። ከእውነተኛው ስሙ ጋር የመጣው ትክክል ነው፣ የእኛ በሐሰት ስም የተሠራ ነው አለኝ። እውነት ለመናገር የእሱም ያምር ነበር። ስንት የለፋሁበት ነገር በአንዲት ዝማኔ ሊሻር ነው ብዬ ፈራሁ። ተከራክረን ካልተግባባን በኋላ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ሳንነግራት ሁለቱን ወረቀቶች እናቴ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን።

ወዲያው አልነካቻቸውም። መነጽሯን አደረገች፣ አወለቀች። አንደኛውን በጣቷ ጫፍ ወደ ዘመናይ ገፋ አደረገችው። «ቆንጆ ነው» አለችው። «ለሌላ ሰው ይሆናል።»

ከዚያ አውራ ጣቷን ወደ አፏ ወሰደች።

የማተሚያችን ቀለም ውሃ ከነካው እንደሚለቅ አንዳንድ ወረቀት ላይ አይቻለሁ። ተይ እማ ልላት ነበር፤ ጣቷ ቀድሞ ወረቀቱ ላይ አረፈ። በጥልቁ ሰማያዊ ላይ፣ የዛገ ሚስማር ውሃ ባለበት ቦታ፣ ጨርቅ እንደምትፈትን ጫን አድርጋ አሸችው። አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ጣቷ እንደነበረ ነው።

«አይለቅም» አለች።

ለእኔ ነው የተባለው። ሌላ ሰው ቢሰማው ስለ ወረቀት የተነገረ ይመስለዋል። አንገቴን ደፋሁ፣ ዘመናይ እንዳያየኝ፤ አይቶኛል፣ ግን ለዚያች ቀን ምሕረት አድርጎልኝ አልቀለደብኝም።

እናቴ ተነሥታ የተፈቱትን ቁራጮችና ባዶውን ገመድ ከመኝታ ቤት ይዛ መጣች። ትንሽ ሳሕን ውሃ አስቀመጠችና ሁሉንም ወደ እኔ ገፋችው። «ያለቀ ቀለም ሳይቋጠር አያድርም» አለችኝ። «የእኔ እጅ ደግሞ ከእንግዲህ አያጠብቅም።» ዘመናይ ካሜራውን ሊያነሳ ሲል በአሮጌው አንሳን አልኩት። እሱም ሳይከራከር አሮጌውን ሊያመጣ ሄደ።

ሰማያዊውን ቁራጭ ውሃው ውስጥ ነክሬ አወጣሁና ገመዱ ላይ አዞርኩት። እናቴ እጄን እያየች ነበር። ጠበቅ አድርጌ ቋጠርኩት።